የፒክአፕ ሾፌር ወንበርን ምቹ ማድረግ፦ ትራስ ከመግዛት በፊት የሚሠሩ ሥራዎች

ወገቡን ያመመው የፒክአፕ ሾፌር ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ትራስና የወንበር ልብስ ወደሚሸጥበት ሱቅ ነው። ትራሱ የመጀመሪያ ሰሞን ደስ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይጠፈጠፋል፣ ሕመሙም ይመለሳል። ወንበሩ ያለቦታው ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ሞላው ተበጥሶ ይሆናል። ወይም ጎማው ከልክ በላይ ተነፍቷል። በዚህ ሁሉ ላይ ለስላሳ ነገር መደረብ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይነካውም።

ይህን የምጽፈው ማኑዋል ማርሽ ያለው፣ መሪው በግራ የሆነ ዶብል ጋቢና ሃይሉክስን እያሰብኩ ነው። አገር ቤት ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ነው። ዲማክስ፣ ሬንጀር ወይም ናቫራ ለሚነዳም ሥራው ያው ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ይጠብቁልኝ። ምንም የማያስወጣው ይቀድማል፣ ኪስ የሚነካው መጨረሻ ይመጣል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሕመሙ ከለቀቀዎት እዚያው ያቁሙ።

1. ወንበሩን ለሰውነትዎ ያስተካክሉ

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሞተሩን ያጥፉ። ከዚያ የኋላ ኪስዎን ባዶ ያድርጉ። ቦርሳ፣ ስልክ፣ የቁልፍ ዘለላ ሁሉ ይውጣ። አንድ ወፍራም የገንዘብ ቦርሳ ዳሌን በአንድ በኩል ከፍ አድርጎ አከርካሪን ያጣምማል፣ ወደ እግር የሚወርደውንም ነርቭ ይጫናል። ቀኑን ሙሉ በዚህ ሁኔታ መቀመጥ ብቻውን ሰው ያሳምማል።

አሁን ይቀመጡና መቀመጫዎን መደገፊያው ሥር ድረስ ይግፉ። በወገብዎና በወንበሩ መካከል ክፍተት ይዘው የሚነዱ ከሆነ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይሠራም።

ርቀቱን የሚለኩት በፍሪሲዮን ነው። ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጡት። ጉልበትዎ ያን ጊዜም ትንሽ መታጠፍ አለበት። እግርዎ ቀጥ ብሎ ከተወጠረ ወይም ዳሌዎ ከወንበሩ ተነስቶ ከተከተለ ወንበሩ ሩቅ ነው። ጉልበትዎ መሪውን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ቀርቧል። ከተማ ውስጥ በመጨናነቅ ሰዓት ፍሪሲዮን ስንት ጊዜ እንደሚረገጥ ያውቁታል። በእያንዳንዱ እርግጫ ዳሌዎ የሚንሸራተት ከሆነ ማታ ወገብዎ ይነግርዎታል።

መደገፊያውን ቀጥ አድርጎ መቀመጥም፣ እንደ አልጋ መንጋለልም አይጠቅምም። ከቀጥታው ትንሽ ወደኋላ ያዘንብሉት፣ ከ100 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ። መለኪያው ቀላል ነው። ትከሻዎ መደገፊያውን ሳይለቅ ክንድዎን ወደ መሪው አናት ይዘርጉ። አንጓዎ መሪው ላይ ካረፈ ልክ ነው። ጣትዎ ብቻ ከደረሰ በጣም ተንጋልለዋል። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ በደረትዎና በመሪው መሃል መካከል ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር ይተዉ።

የራስ መደገፊያው አናት ከጭንቅላትዎ አናት ጋር እኩል ይሁን። ብዙዎቻችን ዝቅ ብሎ እንደመጣ እንተወዋለን። አንገት ሥር ያረፈ የራስ መደገፊያ ከኋላ ለሚመጣ ግጭት ምንም አይጠቅምም፣ ይባስ ብሎም ይጎዳል።

በመጨረሻ ስፖኪዮዎቹን ያስተካክሉ። የውስጡን መስታወት ቀጥ ብለው ተቀምጠው የኋላው መስኮት ሙሉ በሙሉ እንዲታይበት ያድርጉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የኋላውን መስኮት ሙሉ በሙሉ ማየት ካቃተዎት መስታወቱ አልተነካም፣ እርስዎ ጎብጠዋል ማለት ነው። ይህቺን ዘዴ በጣም እወዳታለሁ። ሰው ሳይታወቀው እንደሚጎብጥ በዓይኑ ታሳየዋለች።

ወገብዎ ላይ አሁንም ክፍተት ካለ አንድ ፎጣ ጠቅልለው ከሱሪ ቀበቶዎ ትንሽ ከፍ አድርገው ይደግፉበት። ሲደገፉበት ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃል። ትከሻዎን ከመደገፊያው የሚያርቅ ከሆነ በዝቷል። እንዳይወርድ በገመድ ከወንበሩ ጋር ያስሩት። ውድ የሆነ የወገብ መደገፊያ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ፎጣ ለጥቂት ቀናት ይሞክሩት። የሚያስፈልግዎትን ከፍታና ውፍረት የሚያሳውቅዎት እሱ ነው።

2. ወንበሩ የቱ ጋ እንደደከመ ይፈልጉ

በሩን ከፍተው ውጭ ቆመው ወንበሩን ይመልከቱ። መሪው በግራ በሆነ መኪና በብዛት ቀድሞ የሚሞተው የበሩ በኩል፣ የግራው ጠርዝ ነው። ሾፌሩ በወጣና በገባ ቁጥር ክብደቱን አሳርፎ የሚንሸራተተው በዚያ ላይ ነው። ጠርዙ ሲሰምጥ ዳሌ ወደ በሩ ያዘነብላል። ሾፌሩ ሳያውቀው ሰውነቱን ወደ ቀኝ እየሳበ ይነዳል። የአንድ ጎን የወገብ ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ እዚህ ይመልከት።

በጡጫዎ ግራውን፣ ቀኙንና መሃሉን እየተጫኑ ያወዳድሩ። እጅዎ ሰምጦ ጠንካራ ነገር ካገኘ ስፖንጁ አልቋል። ከዚያ የስልክዎን መብራት አብርተው ከወንበሩ ሥር ይዩ። የተበጠሰ ሞላ፣ ከመንጠቆው የወጣ ሽቦ፣ ብየዳው የለቀቀ ብረት ሊያገኙ ይችላሉ። ከሥር የስፖንጅ ብናኝ ከተጠራቀመ ሽቦው ስፖንጁን ከታች እየበላው ነው።

አሁን ወንበሩን በሁለት እጅ ይዘው ወደፊትና ወደኋላ ይነቅንቁት። ኳ ኳ የሚል ከሆነ ወይ ቡሎኑ ላልቷል ወይ ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ አልቋል። ይህ ከምቾት ያለፈ ጉዳይ ነው። በብዙ ፒክአፖች የደህንነት ቀበቶው መቆለፊያ የተያዘው ከወንበሩ ብረት ጋር ነው። በግጭት ጊዜ የእርስዎ ክብደት የሚያርፈው በእነዚያ ቡሎኖች ላይ ነው። የላላ ወንበር ይዘው ረጅም መንገድ አይውጡ።

3. ጎማውንና ባሌስትራውን ይመርምሩ

ፒክአፕ የተሠራው ጭነት እንዲሸከም ነው። የኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው ሞላ፣ ያለ ጭነት ሲሄድ ይደርቃል፣ ይዘላል። ዝላዩን የሚቀበለው ወንበሩ ነው፣ ከወንበሩ ቀጥሎ የእርስዎ አከርካሪ። የተቀመጠ ሰው አካል በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ አካባቢ ለሚመላለስ የላይና ታች ንዝረት በጣም ስሱ ነው። የወንበር ስፖንጅ ደግሞ በዚሁ አካባቢ ያለውን ንዝረት ከመቀነስ ይልቅ ሊያጎላው ይችላል። ለዚህ ነው ስፖንጅ ላይ ስፖንጅ መደረብ በኮሮኮንች መንገድ ላይ አንዳንዴ የሚያባብሰው። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ባወጣው መመሪያ ለሠራተኞች የመላ ሰውነት ንዝረት ገደብ አስቀምጧል። ንዝረት እንደ ድምፅና እንደ አቧራ የሥራ ቦታ አደጋ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ ከጎማው ይጀምሩ። የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የፊትና የኋላ ጎማ የነፋስ መጠን ተጽፎበታል፣ ብዙ ጊዜም ለባዶና ለጭነት ለየብቻ። ጎሚስታው "ፒክአፕ ነው፣ ጠንከር ይበል" ብሎ በልማድ ከነፋው ወረቀቱን ያሳዩት። የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ከመንቀሳቀስዎ በፊት ነው። ሲሮጥ የዋለ ጎማ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል፣ ያን አይተው አያስተንፍሱ። ምቾት ፍለጋ ከተጻፈው በታች መውረድም ክልክል ነው። ጎማው ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል።

ቀጥሎ ሾክ አብዞርበሮቹን ይዩ። ዘይት አልቅሰው ከሆነ ሥራቸውን ጨርሰዋል። የመኪናውን አንድ ጥግ ጫን ብለው ይልቀቁት። ወርዶ ወጥቶ ከቆመ ደህና ነው። ደጋግሞ ከተንቀጠቀጠ ይቀየር።

ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ተጨምሮ እንደሆነም ይጠይቁ፣ በተለይ መኪናውን ከሌላ ሰው ከገዙት። ጭነት ለሚያበዛ ሰው የሚደረግ ነገር ነው። ጭነቱ ቀርቶ ቅጠሉ እዚያው ካለ ግን መኪናው በባዶው እንደ ጋሪ ይመታል። ከባድ ነገር የማይጭኑ ከሆነ ቅጠሉን ያስወጡት፣ ያረጁ ጎሚኒዎችንም (የባሌስትራውን መያዣ ጎማዎች) በዚያው ያስቀይሩ። ብዙ ሺህ ብር የወጣበት የወንበር እድሳት ከዚህ አንድ ሥራ ያነሰ ለውጥ ሊያመጣ ይችላል።

4. ስፖንጁን ማሳደስ

ከላይ ያለው ሁሉ ተስተካክሎ ወንበሩ አሁንም የሚሰምጥ ከሆነ ወደ ታፒሴሪ ቤት፣ የወንበር ልብስና ስፖንጅ ወደሚሠራበት፣ መሄጃው ጊዜ ነው። ወንበሩን ራስዎ አውጥተው መውሰድ ይችላሉ። ብዙ ጉልበት አይፈልግም፣ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል።

ቁልፉን ያጥፉና የባትሪውን ኔጌቲቭ ያላቅቁ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ወንበሩን ወደኋላ ገፍተው የፊቶቹን ሁለት ቡሎኖች ይፍቱ። ከዚያ ወደፊት ስበው የኋላዎቹን። በአብዛኛው ቶዮታ ላይ 14 ቁልፍ ይሠራል። ወንበሩን ከማንሳትዎ በፊት ከሥሩ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ይንቀሉ። ቢጫ ሶኬት ካዩ የኤርባግ መስመር ነው። መቆለፊያውን ተጭነው ያውጡት፣ ሽቦውን አይጎትቱ። ወንበሩ ውጭ እያለ የመኪናውን ቁልፍ አይክፈቱ። የኤርባግ መብራት በርቶ ይቀርና ለማጥፋት ሌላ ወጪ ያመጣብዎታል።

ባለሙያው ልብሱን ሲያወልቅ እዚያው ቢገኙ ጥሩ ነው። ልብሱ በትናንሽ የሽቦ ቀለበቶች ከስፖንጁ ጋር ተይዟል። እነሱ በፒንሳ ከመቆረጣቸው በፊት ቦታቸውን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ቀለበቶቹ ወደ ቦታቸው ካልተመለሱ ልብሱ ይሸበሸባል፣ ሽብሽቡም በረጅም መንገድ ሥጋ ይቆርጣል።

ስፖንጁ ሲነሳ ብረቱ ይታያል። የተበጠሰ ሞላ ይቀየር፣ የለቀቀ ብየዳ ይበየድ። ከዚያ በሞላውና በስፖንጁ መካከል ወፍራም ሸራ ወይም ንጹሕ ጆንያ ይነጠፍ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን አዲሱ ስፖንጅ ዓመታት እንዲቆይ የሚያደርገው እሱ ነው። ያለ ጆንያ የተቀመጠ ስፖንጅ ከታች በሽቦው ተቆራርጦ ያልቃል።

አሁን ዋናው ነገር። ፋብሪካው የሠራውን ስፖንጅ እንዳያስጥሉት። ለሰው ቅርጽ ተብሎ በቅርጽ ማውጫ የተሠራ ነው፣ የጎን ድጋፉ ከጭን ድጋፉ የተለየ ጥንካሬ አለው። በጠፍጣፋ የፍራሽ ስፖንጅ ከተተካ ወንበሩ በርጩማ ይሆናል። ትክክለኛው ሥራ የሞተውን ክፍል ቆርጦ አውጥቶ በልኩ የተቆረጠ ጠንካራ ስፖንጅ መተካት ነው። ባለሙያውን እንዲህ ይበሉት፦ "ወንድሜ፣ ከፍታውን አትጨምርብኝ፣ የሞተውን ብቻ ሙላልኝ።"

ስፖንጁን በዴንሲቲ (በጥግግቱ) ይጠይቁ። ርካሽ የፍራሽ ስፖንጅ በሜትር ኩብ ከ18 እስከ 25 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ለመኪና ወንበር ከ45 በላይ ያለውን ይፈልጉ። ቁጥሩን የሚያውቅ ሻጭ ካላገኙ በእጅዎ ይፍረዱ። እኩል ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች ይዘው ከባዱን ይምረጡ። በአውራ ጣትዎ እስከ መጨረሻው ይጫኑት። ወዲያው ወለሉን ካገኙ ወይም ሲለቁት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ለወንበር አይሆንም።

ማጣበቂያው ማስቲሽ ነው። በሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ይቀባል፣ እርጥበቱ እስኪጠፋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ይጫናል። ሲበዛ ደርቆ እንደ ጠርዝ ይቆጠቁጣል። ከላይ ሁሉንም የሚያለብስ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ለስለስ ያለ ስፖንጅ ቢደረብ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከፍ ካለ የጎን ድጋፉ ይጠፋል፣ ጭንቅላትዎ ወደ ጣሪያው ይቀርባል፣ የወገብ መደገፊያው ቦታም ከወገብዎ በታች ይወርዳል።

ልብሱ ከመሰፋቱ በፊት ስፖንጁ ላይ ይቀመጡ። ለደቂቃ አይበቃም፣ ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ። ባለሙያው ሊቸኩል ይችላል፣ ሻይ ይጋብዙትና ይቀመጡ። የሚቆጠቁጥ ቦታ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፣ ከስፌቱ በኋላ ግን ማስተካከል ሁለተኛ ሥራ ነው። ስለ ስፌቱም አንድ ነገር ይንገሩት። በመቀመጫ አጥንት ሥር ስፌት እንዳያልፍ።

ሲመልሱት አራቱንም ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ያስይዙ፣ ከዚያ በቁልፍ ያጥብቁ። ሶኬቶቹን ይሰኩ፣ ባትሪውን መጨረሻ ያገናኙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና ይፈትሹ።

ስፖንጁ ጭራሽ ካለቀ ሌላ መንገድ አለ። አዲስ አበባ ያለውን ሶማሌ ተራን የመሳሰሉ የመለዋወጫ ሰፈሮች ውስጥ ያገለገለ ሙሉ ወንበር ይገኛል። የሞዴሉ ዘመን አንድ ካልሆነ የሐዲዱ ቀዳዳ አይገጥምም። ሻጩ "እንበይደዋለን" ካለዎት ትተውት ይሂዱ። ከፋብሪካው ውጭ በብየዳ የተያዘ ወንበር በግጭት ቀን ሊለቅ ይችላል።

5. ጭንዎ በአየር ላይ ከቀረ

እግረ ረጅም ሰዎች ሌላ ችግር አለባቸው። የመቀመጫው ፊት ዝቅ ስለሚል ጭናቸው አይደገፍም። ክብደታቸው ሁሉ መቀመጫ አጥንታቸው ላይ ያርፋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወርዱ ይህ በደንብ ይታወቃል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፣ ሰውነት ወደፊት ይንሸራተታል፣ እግር ደግሞ ፍሬን ላይ ነው።

ወንበርዎ የከፍታ ማስተካከያ ካለው ይጠቀሙበት። ከሌለው ከፊት ቡሎኖች ሥር ብረት አስገብቶ ፊቱን ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የታኮማ፣ የቶዮታ ፒክአፕ፣ ባለቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። ከ2016 እስከ 2019 የተሠራው ታኮማ የሾፌር ወንበሩ ከፍታ ማስተካከያ አልነበረውም፣ በ2020ው ሞዴል ላይ ነው በኤሌክትሪክ የሚስተካከል ወንበር የመጣለት።

የሚገባው ብረት አንድ ወጥ ይሁን፣ የተደራረበ ሮንዴላ አይሁን። ቡሎኑ በገባው ብረት ልክ ይርዘም። አናቱ ላይ የተጻፈው የጥንካሬ ቁጥር ከፋብሪካው ቡሎን ጋር አንድ መሆን አለበት። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ሐዲዱ ይጣመምና ወንበሩ አይንሸራተትም። ይህን የሚያውቅ መካኒክ በአጠገብዎ ከሌለ ይተዉት። በእሱ ፈንታ ፊቱ ወፍራም፣ ኋላው ቀጭን የሆነ ጠንካራ ትራስ ያሠሩ።

አጭር ሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው የሚያስፈልገው። ከጉልበት ኋላና ከወንበሩ ጠርዝ መካከል ሁለት ሦስት ጣት ካላስገባ ጠርዙ እግር ያደነዝዛል። ከፍ ለማለት ጠንካራ ትራስ ይጠቀሙ። ለስላሳ ከሆነ በግጭት ጊዜ ሰውነት ከቀበቶው ሥር ሾልኮ እንዲወጣ ያደርጋል።

6. ልብስ፣ ሙቀትና አጎዛ

ወደ አፋር ወይም ወደ መተማ የሚመላለስ ሰው የፕላስቲክ ቆዳ ልብስ ምን እንደሚያደርግ አይጠፋውም። ላብ ይይዛል፣ ይንሸራተታል፣ ቆዳ ይልጣል። ወፍራም የጨርቅ ልብስ ይሻላል። የእንጨት ፍሬ የተሰካበት የወንበር ልብስ አየር ያሳልፋል፣ ግን ያንሸራትታልና ለቁልቁለት አገር አልመክረውም።

እኔ ከሁሉ የማስበልጠው አጎዛ ነው። የበግ ጠጉር ላብ ይመጥጣል፣ አየር ያሳልፋል፣ ጫናውንም ያከፋፍላል። በብርድ አገርም ይሞቃል። በደንብ የተለፋውን ይምረጡ፣ አለበለዚያ ይሸታል፣ ይደርቃል። በአራቱም ጥግ ላስቲክ አሰፍተው ከወንበሩ ሥር ያስሩት። ወንበርዎ ጎን ላይ የኤርባግ ምልክት ካለ ግን አጎዛውም ሆነ ማንኛውም ልብስ ያን ጎን እንዳይሸፍን።

7. መንገድ ላይ

ግራ እግርዎ ማርሽ በማይቀይሩበት ጊዜ ወለሉ ላይ ይረፍ። ፍሪሲዮን ላይ የሚያርፍ እግር ዳሌን ያደክማል፣ የፍሪሲዮኑንም ኩሽኔት ይበላል። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ትንሽ ይራመዱ። ኮሮኮንች ላይ ፍጥነት መቀነስ ከየትኛውም ስፖንጅ የበለጠ ንዝረት ይቀንሳል።

ደርሰው እንደቆሙ ወዲያው ጆንያ አያንሱ። ለሰዓታት ሲንቀጠቀጥ የዋለ ወገብ ለመጎዳት ቅርብ ነው። ጥቂት ደቂቃ ይራመዱ፣ ከዚያ ያውርዱ። እግርዎ የሚደነዝዝ፣ የሚዝል ከሆነ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረዎት ግን የወንበር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በተለይ የሽንቱ ነገር ለነገ የሚባል አይደለምና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

መኪናውን ከሌላ ሾፌር ጋር የሚጋሩ ከሆነ የእርስዎን ልክ ሐዲዱ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፣ ባልደረባዎም በሌላ ቀለም። ሁለታችሁም ጠዋት ወንበሩን ሳታስተካክሉ አትነሱም።